በሠንጠረዥዎ አሥራ አራተኛ ረድፍ ላይ ስላለችው ጥድ ቆራጭ

ለክቡር ዶክተር ሴፕቲሚዩ ቫላሽ፣
የአውራጃው የወንጀል ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ በር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ለአውራጃው ጋዜጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ብዕሩን የያዘው እጅ የእኔ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የስትራምባ ሸለቆው ጋቭሪላ ቶደሪካ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ፣ ፊደል የሚባል ነገር ከነጭራሹ አላውቅም፤ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ሳፍታ ናት። አዎ፣ ያቺው ሳፍታ። እርስዎ በጥናትዎ ገጽ ሃያ ሁለት፣ በሠንጠረዡ አሥራ አራተኛ ረድፍ ላይ «ሳ. ቶ.፣ ዕድሜ አርባ ስድስት፣ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ አርባ ሜትር፣ ተደጋጋሚ» ብለው ያሰፈሯት ሴት። ጽሕፈቷ ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ ከከፍታው የመጣ ነው ብለው እንዳይመዘግቡብን፤ ምድጃው ገና ስላልሞቀ ነው።

ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው መጋቢት እኛ ዘንድ ሲመጡ በበረዶው ላይ ተንሸራተው የወለቀው ቁርጭምጭሚትዎ ተጠገነ? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ዓይንዎ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ ወንጀለኛ ሴት አይቶ አንድም ወንድ ያላየን ዓይን ሐኪም ቢመለከተው መልካም ነው ብለን ጎረቤታሞች ተነጋግረናል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ማለቴ ለማጻፍ፣ የተነሣሁት «በከፍተኛ ተራራማ ቦታዎች ሴቶች ለሚፈጽሟቸው ወንጀሎች መነሻ የሆኑ መልክዓ ምድራዊና ማኅበራዊ ምክንያቶች» የተባለው ጥናትዎ እስከ እኛ ድረስ መጥቶ፣ ፖስተኛችን ሉክረሲያ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ጮክ ብላ ስላነበበችልን ነው። አርባ ስድስት ገጽ ነው። ጥሩ ጥናት ነው፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ነገር ግን በእኛ ግቢ ብቻ አልቀረም። ለሳፍታ የተመደበላት ጠበቃ እንደነገረን፣ ዓቃቤ ሕጉ ጥናቱን ከመዝገቡ ጋር አያይዞ፣ ገጽ አርባ ላይ «ሦስት ጊዜ ያጠፉ የተራራ ሴቶችን በገደብ መልቀቅ ፋይዳ የለውም፤ ከአካባቢው ተጽዕኖ ማራቅ ያስፈልጋል» ያሉትን በቀይ አስምሮበታል። ችሎቱ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ያለ ፈቃድ ጥድ ቆርጣለች ተብላ ስትከሰስ ለሳፍታ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ጠበቃው «እስከ ዛሬ ዳኛዋ በገደብ ትለቅ ነበር፤ አሁን ግን የምሁር ወረቀት መጣባት» አለና ትከሻውን ሰበቀ። ስለዚህ በእርስዎ ምክር ምራቴ ለአንድ ዓመት ተኩል ሜዳው ላይ ወዳለው የሴቶች ወህኒ ቤት ትወርዳለች ማለት ነው፤ ወንጀሉ በቁልቁለቱ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲያልቅላት ይመስለኛል። ስለዚህ አሳቢነትዎ ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሣል።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ባለሥልጣን ቁጥር ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ፊቴ አንድ ሳህን ቦሎቄ አለ፤ አንድ ቅሬታ ተናግሬ በጨረስኩ ቁጥር አንዲት ቦሎቄ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ፊደል ባላውቅም ቦሎቄ መቁጠር አያቅተኝም።

አንደኛ፦ ስለ ከፍታው። ከዘጠኝ መቶ ሜትር በላይ በየመቶ ሜትሩ የሴቶች ጥፋት እንደሚጨምር፣ ምክንያቱም የፀሐይ ማነስ፣ የክረምት መርዘምና የቁልቁለቱ አቀማመጥ እንደሆነ በሚያምር ሥዕል አሳይተዋል። ከእኔ ቤት በላይ የሚውሉት ፍየሎቼ ናቸው፤ በእርስዎ ስሌት እነሱ እስካሁን ባንክ መዝረፍ ነበረባቸው። ከፍየሎቹ በላይ ደግሞ የሴት መነኮሳት ገዳም አለ፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ላይ። እዚያ ሳይወጡ የተመለሱት ለሕይወትዎ ሰግተው መሆን አለበት። ክቡር ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ከባድ አይደለም። ላይ ጥድ አለ፤ ታች ጥድ የለም። ሰው የሚቆርጠው ያለውን ነው። ይህን ለማወቅ መስኮት ከፍቶ ማየት ይበቃ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ሴቶቻችን ጉልበት። ረድፍ ዘጠኝ ላይ ያለችው የስልሳ ስምንት ዓመት መበለት ጎረቤቴ ፓራስኪቫ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ከቤቷ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ይህች ሴት፣ መዝገቡ እንደሚለው፣ ሠላሳ ሜትር ጥድ ብቻዋን ገንድሳ፣ ቅርንጫፉን መልምላ፣ በፈረስ አስጎትታ ወንዝ አሻግራለች። እርስዎም ምንም አልከበደዎትም፤ «የተራራ ሴቶች ያልተለመደ አካላዊ ብርታት» ብለው ጻፉት። ሉክረሲያ ይህን ስታነብ ፓራስኪቫ ከእንቅልፏ ነቅታ «እንዲያ ካደነቀኝ ታዲያ ምን አስቀረው? ሽማግሌ አይልክም ነበር?» አለች።

በዚያው ገጽ ላይ የሴቶቹ ጥፋት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በነሐሴ፣ እጥፍ እንደሚሆን አስተውለዋል። ለዚህ ማስተዋልዎ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነበር። በፋሲካና በነሐሴ የሚመጣው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። የሚመጡት ወንዶቹ ናቸው። ከጣሊያን፣ ከጀርመን፣ ከየሕንጻው ሥራ ለሁለት ሳምንት ይመጣሉ፤ ጣሪያ የሚጠገነው፣ አጥር የሚታደሰው ያኔ ነው። እርስዎ ይህን «ባሎቻቸው በሚመለሱበት ወቅት በሴቶቹ ላይ የሚፈጠር የስሜት ጫና» አሉት። እኔ ስልሳ ዓመት እንጨት ቆርጫለሁ፤ በስሜት ጫና የወደቀ ጥድ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከቄሱ ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀውን፣ ምናልባት ዳኛዋም ሳትቀር የምታውቀውን፣ እርስዎ ብቻ ያልጠየቁትን ልንገርዎ። ውጭ አገር ያለው አሠሪ ከሁሉ በፊት ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያስረዳ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ የጎደፈበት ወንድ ሥራ የለውም። ሴቶቹ ደግሞ የትም አይሄዱም፤ ወረቀታቸውን የሚጠይቅ ሰው የለም። ስለዚህ ይኸው ሠላሳ ዓመት ወንዱ ይቆርጣል፣ ሴቲቱ «እኔ ነኝ» ትላለች። ተሰብስቦ የወሰነው ማንም የለም። የመጀመሪያዋ ሴት ባሏን ለማዳን አለችው፤ ሁለተኛዋ ከእሷ ሰማች፤ አሁን የደን ጠባቂው ገና አጥር ሲከፍት «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከ«ምን ፈለግህ?» ቀድሞ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ አልገመትንም። ይህን ሁሉ «እኔ ነኝ» አንድ ቀን አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ይደምረዋል ብለን አላሰብንም።

እዚህ ላይ ሳፍታ ብዕሩን አስቀምጣ «ኧረ አባባ፣ ይሄ ሰፈሩን ሁሉ ያስነሣብናል፣ ይቅር» አለችኝ። ጻፊ። ያልሽውንም ጻፊው። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ እያንዳንዱ ወንድ የራሱ አፍ አለው። የሚነሣብኝ ካለም ደግ፤ ተነሥቶ ከጣሊያን ይምጣ።

ሦስተኛ፦ ስላመጣዎት መኪና። ክቡር ሆይ፣ ሰው የማይጠረጥር ደግ ሽማግሌ ብሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን እንዲያ አላደግሁም። የመጡበት መኪና በሩ ላይ ሥዕል ነበረበት፤ ዘውድ የደፋ መጋዝ። ፊደል አላውቅም፣ ሥዕል ግን አውቃለሁ። ያው ሥዕል ከሸንተረሩ ማዶ ካለው ሸለቆ በየቀኑ ግንድ ተሸክመው በሚወርዱት ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ላይ አለ። በጥናትዎ ካርታ የእኛ ሸለቆ ደም መስሏል፤ የማዶው ሸለቆ እንደ ሙሽራ ልብስ ነጭ ነው። «ምንም ወንጀል አልተመዘገበበትም» ብለውታል። እውነት ነው። የቆረጡት ሰዎች የፈቃድ ወረቀት አላቸው፤ ደግሞም ዛፍ የሚባል ነገር ስላልቀረ ከእንግዲህም አይመዘገብበትም። መኪናውን ማን እንዳዋሰዎት አልጠይቅም። ነዳጁን ማን እንደቀዳም አልጠይቅም። ነገር ግን ከጥናትዎ በኋላ ባለው ወር ሁለት ሰዎች በእኛ ጥዶች ላይ ሰማያዊ ቀለም እየቀቡ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ «ምን ልታደርጉ ነው?» ብላቸው «ከሕገ ወጦች ልንጠብቀው ነው» አሉኝ። በእኛ አገር የሚጠበቅን ነገር ማንም ቀለም አይቀባውም፤ ቀለም የሚቀባው የሚታረድ በግ ነው።

አራተኛ፦ ስለ አጠያየቅዎ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ሲጠይቁ የደን ጠባቂው ፓንቴሊሞን መዝገቡን በብብቱ ይዞ አጠገብዎ ቆሞ ነበር። ፓንቴሊሞን ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ «ምን ላድርግ፣ አያ ጋቭሪላ? አለቃዬ ከእኔ የሚፈልገው ስም ነው፤ የሰጡኝን ስም እጽፋለሁ» ብሎኛል። እንግዲህ በእሱ ፊት «ዛፉን አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?» ሲባሉ ምን እንዲሉልዎ ጠብቀው ነበር? እርስዎ «አዎ» አሉ ብለው ጻፉ። አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ኖሮ፣ ለምሳሌ «እስቲ መጥረቢያውን አንሺልኝ» ቢሉ ኖሮ፣ ጥናቱ አርባ ስድስት ገጽ ባልሆነ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ በቤቴ ውስጥ አንድ ወንጀል ተፈጽሟል።

ሳፍታን «ስንተኛውን ጨረስን?» ብዬ ጠየቅኋት። «አራተኛውን፣ አባባ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቦሎቄ ግን አምስት ነው። ደግሜ ቆጠርኩት። አምስት። ከመኪናው ቀጥሎ፣ ከፓንቴሊሞን በፊት፣ አንድ ረጅም ነገር ተናግሬ ነበር፤ ብዕሩም ሲፋጭ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አንብቢልኝ» ብላት «ሲያልቅ አነብልሃለሁ» አለች። «አሁን አንብቢልኝ» ብላት ምድጃው ጠፋ ብላ ተነሣች። ምድጃው አልጠፋም።

በዚህ መሐል ሉክረሲያ ደብዳቤውን ልትወስድ ገባች። «ነይ እስቲ፣ ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ንገሪኝ» አልኳት። አገላበጠችው። ከዚያ «አያ ጋቭሪላ፣ ከደብዳቤው ሥር ሌላ ወረቀት አለ» አለችና አነበበችው። ሳፍታ ብትሞት ይህን አታስገባም ነበር፤ አሁን ግን ሉክረሲያ ከትከሻዋ ኋላ ቆማለች፣ ስለዚህ ቃል በቃል ትጽፋለች፦

«ከማክሰኞ በኋላ። የአባባ ነጩ ክኒን ጠዋት አንድ፣ ማታ ግማሽ። ላሟን ፓራስኪቫ ትለብ፣ በግራ በኩል አትቅረባት፣ ትራገጣለች። ገንፎው ላይ ጨው አይብዛ፣ እሱ ጨምሩ ቢልም። የሱፍ ካልሲው ከሣጥኑ ሥር ነው። በረዶ ሲጥል ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አመድ ይበተን። ብቻውን ቁጭ ሲል ያወራል፤ ለማንም አይደለም፣ ዝም በሉት።»

ይህን ነው ስትጽፍ የነበረው፤ እኔ ስናዘዝ።

ስለዚህ ትርፉን ቦሎቄ መልሼ ሳህኑ ውስጥ ከተትኩት፤ አሁን ደግሜ አወጣዋለሁ። ቁጥሩን አራተኛ ይበሉት፣ አምስተኛ ይበሉት፣ ግድ የለኝም።

ታናሽ ወንድሜ ትሪፎን ባለፈው የካቲት በሰባ አራት ዓመቱ ሞተ። ሚስት አላገባም። በእኛ ዘንድ ሳያገባ የሞተ ሰው ብቻውን ወደ መቃብር አይወርድም። ከጫካ ጥድ ይወርድለታል፤ ቀይ ሱፍ፣ ሪባንና ፖም ይታሰርባታል፣ በሬሳው ራስጌ ትቆማለች፣ ሴቶቹ ያዜሙላታል፣ ከዚያ መቃብሩ ላይ ትተከላለች። ሙሽራው ናት። ዕድሜ አይጠየቅበትም፤ ሃያም ይሁን ሰባ አራት፣ ያላገባ ያላገባ ነው። ትሪፎን የራሱን ጥድ ገና በሕይወቱ መርጧት ነበር፤ ከምንጩ በላይ ያለችውን ቀጥ ያለችዋን። በጎቹን ይዞ ባለፈ ቁጥር ግንዷን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እጮኛዬ እንዴት አደረች?» ይላት ነበር። ስንስቅበት «ሳቁ፣ ሳቁ፤ ይቺ ቢያንስ አትነዘንዝም» ይለን ነበር።

ጥዷን መቁረጥ የሚገባቸው ያላገቡ ጎረምሶች ናቸው። ስድስት ሆነው ይወጣሉ፣ እየዘፈኑ ይዘዋት ይወርዳሉ። እርስዎ ማኅበራዊ ምክንያት ይፈልጉ አልነበር? ይኸው ማኅበራዊ ምክንያት፤ በሸለቆው ውስጥ ስድስት ጎረምሳ የለም። አንድም የለም። ስለዚህ ጠዋት ማንንም ሳልቀሰቅስ መጥረቢያዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። መዝፈኑን ሞከርኩ፤ ትንፋሽ አነሰኝ። ጥዷን ቆረጥኳት። እኔ። ጋቭሪላ ቶደሪካ። ጻፊው፣ ሳፍታ። ሉክረሲያ፣ ጻፈችው? ጽፋለች አለች።

ሳፍታ ዱካዬን ተከትላ ፈረሱን ይዛ ደረሰችና አወረድናት። ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ሪባን እያሰሩባት ሳለ ፓንቴሊሞን መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ለሬሳው ተሳለመ፤ የለቅሶውን ንፍሮ ሰጡት፣ በላ። ከዚያ ሥራው ነውና «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለ። ነገሩን ሳይጨርስ ሳፍታ መጥረቢያዬን ከፍልጡ ክምር ላይ አንሥታ «እኔ ነኝ» አለች። አስባበት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የተለመደ ነው፤ እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጣት። ፓንቴሊሞንም ጻፈ።

እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። አፌ ውስጥ ንፍሮ ነበር። ሰማሁ። ንፍሮዬን ዋጥኩ፤ ከዋጥኩ በኋላም ዝም አልኩ።

ሌሎቹ ወንዶች ሲዋሹ ምክንያት አላቸው፤ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። እኔ ወረቀት ለምኔ ነው? የት ልሄድ? የሚቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ እዚያ በር ላይ የሚቆመው ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ማኅተም አይጠይቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ በዚህች ሸለቆ ጋቭሪላ ዋሸ ያለ የለም። ከየካቲት ወዲህ ግን ሳፍታ ገንፎ ስታቀርብልኝ ሳህኑን እንጂ ፊቷን አላይም። ይኸው ነው።

እንዳይጠራጠሩኝ፣ ምክንያቱም በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠራጠር ነበር፣ ማስረጃ አለኝ። ከምንጩ በላይ ይውጡና ጉቶዋን ይዩ። እስከ ወገብ ትደርሳለች። ወገቤ አይታጠፍልኝም፤ ያለሁበት ቁመት ላይ ነው የቆረጥኳት። ጤነኛ ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ይህን ያህል እንጨት ለአጋዘን መታከኪያ ትቶ አይሄድም። ደግሞም ቁርጡ ከግራ ወደ ቀኝ ያዘቀዘቀ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። ሳፍታ ይህን የምትጽፍልዎ በቀኝ እጇ ነው፤ ሉክረሲያ ቆማ እያየች ነው፣ ይጠይቋት።

ስለ ቀሩት ሁለቱ ጥፋቶቿ፣ እነሱም የእሷ አይደሉም፤ የማን እንደሆኑ ግን የሚናገረው ባለቤቱ ነው። ውጭ አገር ያለውን ልጄን፣ የሳፍታን ባል ሲሚዮንን፣ ሉክረሲያ እሑድ ዕለት ደውላ አገኘችው። ነገሩን ስትጀምርለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ግንበኛ ነው። ግንበኛ ምን ስብሰባ አለው? ለማንኛውም እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለው፤ ይህ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እዚያም እንደሚነበብ አውቃለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ከአሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ የየካቲትን ጥድ ያንሡልኝና በስሜ አዲስ ረድፍ ይክፈቱልኝ፦ «ጋ. ቶ.፣ ወንድ፣ ሰማንያ አንድ፣ አንድ ሺህ አርባ ሜትር፣ ተጸጽቷል፤ ስለ ጥዷ ግን አይደለም።» ይህንንም ከማክሰኞ በፊት ለዳኛዋ በጽሑፍ ያሳውቁልኝ። ባያሳውቁም በሉክረሲያ የፖስታ መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ መጥሪያ አልደረሰህም ብለው በር ላይ ቢያቆሙኝም በሩ ላይ ቆሜ እጮኻለሁ፤ ድምፄ ከሸንተረር ሸንተረር የሚሰማ ነው። የሴቶቹ ጥፋት ቁጥር በአንድ ሲቀንስ የሚያምረው ሥዕልዎ እንደሚበላሽብዎ አውቃለሁ፤ ስለ ድካምዎ ከልብ አዝናለሁ። በምትኩ ለአዲስ ጥናት ርእስ እሰጥዎታለሁ፤ ንፍሮ በአፍ መያዝ በወንዶች ምላስ ላይ የሚያመጣው ጉዳት። ለዚህ ተራራ መውጣት አያስፈልግዎትም፤ በሜዳውም ላይ በሽ ነው።

ጉልበቴ ስለማይታጠፍልኝ ብቻ ከፊትዎ ያልሰገድኩ፣ ስለ ጥናትዎ ወፍራም ወረቀት ዘወትር የማመሰግንዎ፣ ዕውቀትዎ እንደ ሰማያዊው ቀለም በየጥዱ ላይ ሲታይ እንዲኖር የምመኝልዎ፣ በግራ እጄ አውራ ጣት የምፈርም አገልጋይዎ፣

ጋቭሪላ ቶደሪካ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመጋቢት እኛ ቤት ሁለት ሳህን ገንፎ በአይብ ከበሉ በኋላ፣ ይህች ተደጋጋሚ ወንጀለኛ ለመንገድዎ አንድ ጠርሙስ የጫካ እንጆሪ ማርማላታ ሰጥታዎት ነበር። «ጠርሙሱን በሳምንቱ እልካለሁ» ብለው ነበር። ይኸው ኅዳር ገባ። የሰው ጠርሙስ ይዞ መቅረት እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል በትሕትና ልጠቁምዎ አልሻም፤ ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ቢሮዎ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው?

በቃ። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፣ ሳፍታ። ሉክረሲያ ታንብበው አትበይኝ፤ ከአንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ሉክረሲያ በዓይኗ ትከተልሽ። እኔም ቦሎቄዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ እመልሳለሁ፤ አንዲት ብትቀር እንደገና እንጀምራለን። «ጥዷን ቆረጥኳት፣ እኔ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አታውርጂ፤ ቀና ብለሽ እያየሽኝ አንብቢው። እኔም አይሻለሁ።